የቶዮታ ጦርነት

በመኪና ስም የተጠራ ጦርነት ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1987 ቻድና ሊቢያ ያደረጉት ነው።

ጋዳፊ ሰሜን ቻድ በረሃ ላይ ታንክ፣ ጄትና የጦር ሰፈር ነበረው። ቻዶች የነበራቸው ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ፒካፕ ነው፤ እኛ አገር ገጠር ሰውና እህል የሚጭነው ዓይነት። ብረት አልለበጡበትም። ካሶኒው ላይ መትረየስ ወይም ሚላን የሚባለውን ፀረ ታንክ ሚሳኤል ጠመዱና ነዱት፣ በቃ!

ዋናው ነገር አነዳዱ ነው። ሊቢያዎቹ መሽገው በሚታወቀው መንገድ ይጠብቃሉ። የቻድ ተዋጊዎች ግን በረሃው ውስጥ ያደጉ፣ የትኛው አሸዋ ጎማ እንደሚውጥ የሚያውቁ ናቸው። በጎንና በኋላ በፍጥነት ከበው ገቡ፤ ታንኩ አፈሙዙን እስኪያዞር እነሱ ቦታ ቀይረዋል። ጃንዋሪ 2 ፋዳን፣ ማርች 22 ዋዲ ዱምን ያዙ።

መኪናውን ብቻ ማሞገስ ግን ልክ አይመስለኝም። ኦገስት ላይ አውዙን ይዘው በዚያው ወር ተነጠቁ፤ ከሰማይ ቦምብ ሲወርድ ያ ቆርቆሮ ምን ያድናል? አውዙ ለቻድ የተመለሰው የዓለም ፍርድ ቤት በ1994 ከፈረደ በኋላ ነው።

ዘመቻውን የመሩት ሐሰን ጃሙስ ይህን አላዩም። በ1989 ከፕሬዚዳንት ሂሴን ሃብሬ ጋር ተጣልተው ሲሸሹ ተይዘው ሞቱ።