በመጥረጊያ እንጨት የተጠገነው መሪ

ቢስክሌትንና ነጂውን ግርማ ሞገስ የሚያላብሳቸው ምንድን ነው? የቀለም ማብረቅረቅና የዋጋ ውድነት ነው ባዮች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1924 የተካሄደው የኢጣሊያ ዙር ውድድር ግን ሌላ መልስ ይሰጣል።

በዚያ ዓመት ታላላቅ ቡድኖች በክፍያ ጉዳይ ከአዘጋጁ ጋዜጣ ጋር ባለመስማማታቸው ስመ ጥር ተወዳዳሪዎች ቀሩ። በዚህ ክፍተት ከኤሚሊያ ገጠር፣ ከድኻ ቤተሰብ የተወለደችው አልፎንሲና ስትራዳ ገባች። ስሟ «አልፎንሲን» ተብሎ በመመዝገቡ ወንድ ትሁን ሴት አይለይም ነበር፤ የመጨረሻዋ ፊደል የተገደፈችው በስሕተት ይሁን በብልሃት ዛሬም ያከራክራል።

ከላኩዊላ ወደ ፔሩጂያ በተደረገው ጉዞ ነፋስና ዝናብ በረታ። አልፎንሲና ወደቀች፤ የቢስክሌቷም መሪ ተሰበረ። በመጥረጊያ እንጨት ጠግና ጉዞዋን ቀጠለች፤ ይሁን እንጂ የደረሰችው የተወሰነው ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ዳኞች ከውድድሩ ውጭ አደረጓት። ሕዝቡ እንደወደዳት የተረዳው ጋዜጣ ግን ያለ ደረጃ እንድትቀጥል ፈቀደላት፤ ይህም ከርኅራኄ ይልቅ ለገበያው በማሰብ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ሥራ የሚሄድበትን ቢስክሌት በገዛ እጁ እየጠገነ የኖረው ሠርቶ አደር በዚያ መሪ ውስጥ የራሱን ኑሮ ያየ ይመስላል። የፋብሪካ ጌጥ ይህን ሊሰጠው አይችልም።

ከተነሡት 90 ተወዳዳሪዎች ውድድሩን በደረጃ የፈጸሙት 30 ብቻ ናቸው። እርሷም ሚላኖ ደረሰች፤ በቁጥሩ ውስጥ ግን የለችም። ከዚያ በኋላ በኢጣሊያ ዙር እንድትሳተፍ አልተፈቀደላትም። በስተርጅና ሞተር ቢስክሌት ትነዳ ነበር፤ በ1959 በ68 ዓመቷ ዐረፈች።