የሕክምና መዝገብና የሕክምና ሒሳብ፤ ከካርድ ክፍል እስከ ኮምፒዩተር

አንድ ሕመምተኛ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ በስሙ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይከፈታል። አንደኛው ባለሙያው የሚጽፍበት ካርድ ሲሆን ሁለተኛው ገንዘብ ተቀባዩ የሚቆርጠው ደረሰኝ ነው። በአገራችን ሁለቱ ለረጅም ዘመን ተለያይተው ኖረዋል። የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ግን ሁለቱን በአንድ ያስተሳስራቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ካርድና ሒሳብ በጣና ዙሪያ እንዴት እንደተቀራረቡ ማሳየትና መቀራረባቸው በሥራችን ላይ የሚያስከትለውን መመልከት ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሒሳብ ከካርድ ተለይቶ በነበረበት ዘመን

ቀደም ባሉት ዓመታት የመንግሥት ጤና ተቋማት ከታካሚ የሚሰበስቡት ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ፈሰስ ይደረግ ነበር። መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ አጽፎ በነጻ ይታከማል። ስለዚህ ከጢስ ዓባይ ተነሥቶ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የደረሰ ገበሬ ምን ምን አገልግሎት እንዳገኘ በዝርዝር ማስላት ለተቋሙ የሚያስገኘው ጥቅም አልነበረም። ካርዱ ቢጠፋ ሌላ ካርድ ይወጣል፤ የሚጎዳው የሕመሙ ታሪክ የተቋረጠበት ታካሚ እንጂ ሒሳብ ክፍሉ አልነበረም።

ይህን የለወጠው በ1998 የጸደቀው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። ተቋማት ገቢያቸውን ይዘው ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ፣ የነጻ ሕክምና ተጠቃሚዎችም በሥርዓት እንዲለዩ ወሰነ። የአማራ ክልል ይህን በሕግ ደንግገው ወደ ሥራ ከገቡት ቀዳሚ ክልሎች አንዱ ነበር። ከዚህ በኋላ በአግባቡ መመዝገብ የተቋሙ የገንዘብ ጉዳይም ሆነ።

የጤና መድን

ሁለተኛው እርምጃ በ2011 በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። ከነዚህም ፎገራ የጣና ተዋሳኝ ሲሆን ደቡብ አቸፈር ከሐይቁ በስተደቡብ ምዕራብ ይገኛል። አባሉ መዋጮውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ተቋሙ ደግሞ የሰጠውን አገልግሎት ዘርዝሮ ክፍያውን ከመድኑ ይጠይቃል። ካርዱም ከዚህ ወዲህ የሒሳብ ማስረጃ ሆነ። ሠራተኛው ምርመራውንና መድኃኒቱን ከካርድና ከማዘዣ ወረቀት ወደ ቅጽ ይገለብጣል፤ መድኑም በክሊኒካል ኦዲት ያመሳክራል። ባለሙያው ሳይጽፍ የተወው አገልግሎት ክፍያ ሊከለከልበት ይችላል።

የውጭው ዓለም ልምድ

በአሜሪካ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ በ1965 ከተደነገጉ በኋላ የክፍያ ጥያቄ ወረቀት እየበዛ ሄደ። ለሐኪሞች ይህን ሥራ በኮሚሽን የሚሠሩ ራሳቸውን የቻሉ ድርጅቶችም ተስፋፉ። በ1996 የወጣ ሕግ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ጥያቄ ወጥ ቅርጽ እንዲኖረው አስገደደ፤ በ2009 የወጣው ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለሚጠቀሙ ሐኪሞች ማበረታቻ ሰጠ። መዝገቡን የሚሸጡት ኩባንያዎች የሒሳቡን ሥራም አብረው ማቅረብ ሲጀምሩ፣ በመገልበጥ ይተዳደሩ የነበሩ ድርጅቶች እንጀራቸው ጠበበ። የጸኑት ውድቅ የተደረገ ጥያቄን ተከታትለው የሚያስተካክሉ፣ የመድን ደንብ ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። ሁሉን በአንድ መስመር ማሳለፍ አደጋም አለው። በየካቲት 2024 ቼንጅ ሄልዝኬር የተባለው የክፍያ አስተላላፊ ኩባንያ በኮምፒዩተር ጥቃት ሲቆም፣ በመላ አገሪቱ ሐኪሞች ገቢያቸው ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር።

የእኛ ሁኔታ

በአገራችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውል የሚፈጸመው በመድኑና በተቋሙ መካከል በመሆኑ፣ በአሜሪካ እነዚያ ድርጅቶች የሚሸከሙት ሥራ በእኛ ዘንድ የሚወድቀው በካርድ ክፍል፣ በሒሳብ ክፍልና በጤና ባለሙያው ላይ ነው። ለውጡ የሚነካውም እነዚሁን ነው። ከዛምቢያ የመጣውና በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ቀድሞ የተተከለው ስማርት ኬር የታካሚ መዝገብን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በ2015 የታተመ የአምስት ሆስፒታሎች ጥናት ከተጠየቁት ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአሠራሩ እንዳልረኩ አሳይቷል። በወረቀትም በኮምፒዩተርም መጻፍ ሥራን እጥፍ ያደርጋልና አያስደንቅም። የኤሌክትሪክ ነገርም አለ። በጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጨት የተጀመረው በ1964 ነው፤ ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና ለካርድ ክፍል ያለ መቆራረጥ ማድረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እንገነዘባለን። አንደኛ፣ ለብዙ ዓመታት ካርድ የያዙ ሠራተኞች ኮምፒዩተር መጣ ተብሎ ሊገፉ አይገባም፤ ሠልጥነው የክፍያ ጥያቄ አመሳካሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ሥርዓቱ ሲቋረጥ የምንመለስበት የወረቀት አሠራር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ሦስተኛውና ዋነኛው ባለሙያውን ይመለከታል። የምንጽፈው የበሽታ ስም በቀጥታ ወደ ሒሳብ የሚሄድ ከሆነ፣ የሚያስከፍለውን ስም የመምረጥ ፈተና ይመጣል። በአንድ ታካሚ ካርድ ላይ ለክፍያ ሲባል የገባ ሐሰተኛ ምርመራ፣ ነገ ሌላ ባለሙያ አምኖ መድኃኒት የሚያዝበት ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ካርዱን ይከተል እንጂ ካርዱ ሒሳቡን እንዳይከተል መጠበቅ የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው።