የጠረጴዛው ሒሳብ

ገበጣ ሱቅ አያስፈልገውም። መሬት ላይ ጉድጓድ ይማሳል፣ ጠጠር ይለቀማል፣ ተጋጣሚ ይጠራል፤ አለቀ። ዳማም ቢሆን ቁራጭ ካርቶንና የለስላሳ ቆርኪ ካገኘ ሌላ ወጪ የለበትም። እንዲህ ባለ አገር ላደገ ሰው «ጨዋታ ብቻ እየሸጠ፣ ኪራይ ከፍሎ ልጅ የሚያሳድግ ነጋዴ አለ» ብትሉት መሳቁ አይቀርም። ፈረንጆቹ ግን ሃምሳ ዓመት ያህል ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ንግዱን ከሥሩ ላየው ደግሞ ቁም ነገሩ መጫወቻው ላይ አይደለም። ሰው ከሰው ጋር የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ሒሳብ ማን ይክፈል? ጥያቄው ይኸው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ «ኢንተርኔት መጥቶ ሱቁን ገደለው» የሚል እሮሮ ይሰማል። ለነገሩ ከርቀት መሸጥ የቀደመው ሱቁን ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሮበርትስ በ1954 «ታክቲክስ» የተባለ የጦርነት ጨዋታ አሳትሞ ከቤቱ በፖስታ ይልክ ነበር። በ1958 አቫሎን ሂል የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። በ1974 ደግሞ ጌሪ ጋይጋክስና ባልደረቦቹ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ሲያወጡ ያሳተሙት 1,000 ሳጥን ብቻ ነበር፤ እሱንም ቤት ውስጥ በእጃቸው እየሰበሰቡ ነው ያሸጉት። ዓመት ሳይሞላ አለቀ።

ወደ ለንደን እንሻገር። በ1975 ጆን ፒክ፣ ኢያን ሊቪንግስተንና ስቲቭ ጃክሰን የተባሉ ሦስት ጓደኛሞች «ጌምስ ወርክሾፕ»ን በተከራዩት መኖሪያ ቤት ውስጥ ጀመሩ። መጀመሪያ የሠሩት ምን ይመስላችኋል? የእንጨት ገበታ። ከገበታዎቹም አንዱ የማንካላ ነበር፤ ማንካላ ማለት የኛው ገበጣ የሥጋ ዘመድ ነው። ከዚያ ያ የአሜሪካኖቹ ሳጥን እጃቸው ገባ። ስድስት ብቻ አዘዙ፤ ከስድስቷ ጋር ግን ለመላው አውሮፓ የማከፋፈል ብቸኛ መብት አገኙ። መቼም ዕድል ሲያደርስ እንዲህ ነው።

ችግሩ ደንበኛው የፖስታ አድራሻውን ሱቅ ነው ብሎ ማሰቡ ነበር። እየመጣ የመኖሪያ ቤቱን በር ያንኳኳል። አከራዩ ሰለቸውና በ1976 አስወጣቸው። ሊቪንግስተንና ጃክሰን ለወራት ያደሩት ቫን መኪና ውስጥ ነው። በመጨረሻ በ1978 ሐመርስሚዝ በተባለው ሰፈር የመጀመሪያውን ሱቅ ሲከፍቱ ሕዝቡ ተሰልፎ ጠበቃቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰውየው ዕቃውን በፖስታ ማግኘት እየቻለ ለምን በር ሊያንኳኳ መጣ? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ነበር፤ ታሪክ ያለ መቼት አይቆምም፣ ጊዜና ቦታ ይፈልጋል። እነዚህ ጨዋታዎችም እንዲሁ ናቸው። በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አራት አምስት ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪኩን አብሮ ያወጋል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ሳጥኑ ተገዝቶ የሚቀመጥ ወረቀት ነው። በር አንኳኪው የሚፈልገው አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነበር።

ይህንን ከማንም በላይ የተጠቀመበት በ1993 የወጣው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ሰው ፈጠረው፤ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት አሳተመው። የመጀመሪያው ኅትመት 2.6 ሚሊዮን ካርታ ነበር፤ ወዲያው ተሸጦ አለቀ። ካርታው በታሸገ እሽግ ይሸጣል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይከፈት አይታወቅም። ስለዚህ ገዢው ይለዋወጣል፣ ይሻሻጣል፣ ይገጥማል። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል። ባለሱቆች ከኋላ ያለውን ክፍል አጽድተው ጠረጴዛ ደረደሩ፤ ዓርብ ማታ ውድድር ያዙ። ብዙ ዓይን አፋር ወጣት የመጀመሪያ ጓደኛውን ያገኘው እዚያ ነው።

ታዲያ የጠረጴዛውን ሒሳብ የሚከፍለው ሳጥኑ ነበር። ተቀማጩ በነጻ ይቀመጣል፤ ባለሱቁ ወጪውን ከሽያጩ ያወጣዋል። አማዞን በ1995 መጽሐፍ፣ በ1999 ደግሞ መጫወቻ መሸጥ ሲጀምር የተናደው ይህ ያልተጻፈ ውል ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 60 ዶላር የተተመነበትን ጨዋታ ባለሱቁ ከአከፋፋይ የሚረከበው በግማሽ ዋጋ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው፤ 33 ዶላር እንበል። የቀረችው 27 ዶላር ንጹሕ ትርፍ አይደለችም። ኪራይ፣ መብራት፣ ደመወዝ፣ ግብር፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው ዕቃ ሁሉም ይቦጫጭቋታል። በመጋዘን ሆኖ በሺዎች የሚሸጠው ነጋዴ ግን ያንኑ ዕቃ በ40 ዶላር ሰጥቶ ሰባት ዶላር ትበቃዋለች። እናም ደንበኛው ሱቅ ይገባል፣ ሳጥኑን ያገላብጣል፣ ባለሱቁን ግማሽ ሰዓት ሕግጋቱን ያስረዳዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ይሞክረዋል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ በኢንተርኔት ያዛል። ሌባ አይባልም። የተጠቀመበት ነገር ዋጋ አልተጻፈበትማ!

ጡንቻ ያለው እንኳ አልቻለውም። ዊዛርድስ በ1999 የሱቆች ሰንሰለት ገዝቶ የራሱን መደብሮች አስፋፋ፤ በ2003 መጨረሻ ሁሉንም ለመዝጋት ወሰነ። ጌምስ ወርክሾፕ ግን ተሳክቶለታል። ዛሬ ከ500 በላይ መደብሮች አሉት፤ በታኅሣሥ 2024 ከለንደን አክሲዮን ገበያ 100 ታላላቅ ኩባንያዎች ተርታ ገብቷል። ይሁን እንጂ ሱቆቹ የሚሸጡት ራሱ ያመረተውን ብቻ ነው። የሌላ ሰው ዕቃ ለሚቸረችር፣ የማንም ቅርንጫፍ ላልሆነ ባለሱቅ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

የዚህ ሰው ምርጫ ሁለት ሱቅ በአንድ ኪራይ ማስኬድ ሆነ። ቀን ደንበኛ ያስተናግዳል፤ ማታ ነጠላ ካርታ እየለየ፣ ፎቶ እያነሳ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፣ ፖስታ ያሽጋል። በየቦታው ያሉ ባለሱቆች ካርታቸውን የሚያወጡበትን ቲሲጂ ፕሌየር የተባለውን ገበያ ደግሞ በ2022 ግዙፉ ኢቤይ ገዛው። በመጋቢት 2020 ኮሮና ጠረጴዛዎቹን ባዶ ሲያስቀር ብዙዎቹን ያተረፋቸው ይህ የማታ ሥራ ነው። በሚያዝያ 2025 ደግሞ አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ የጣለችው ቀረጥ 145 በመቶ ደረሰ፤ በቀጣዩ ወር ቢቀንስም፣ አብዛኛው የገበታ ጨዋታ የሚታተመው ቻይና ነውና ድንጋጤው ትንሹም ሱቅ ድረስ ዘለቀ።

ከሁሉም ልብ ያሳረፈኝን መልስ የሰጡት ቶሮንቶዎች ናቸው። በ2010 የተከፈተው «ስኔክስ ኤንድ ላቴስ» የተባለ ቡና ቤት አንዱን ሰው 5 ዶላር አስከፍሎ የፈለገውን ጨዋታ አውርዶ እስኪበቃው እንዲጫወት ፈቀደ። ጉድ ተባለ። የኛ ሰፈር ከረምቡላ ቤትና ጆተኒ ቤት ግን ይህንን ከጥንትም ያውቁታል። ጆተኒ ቤት ማንም ጆተኒ ሊገዛ አይሄድም፤ በጌም ይከፍላል፣ ተሸናፊው ሒሳብ ይዘጋል። ሳጥኑን ሌላ ቦታ በርካሽ ማግኘት ይቻል ይሆናል። ተጋጣሚው፣ ዳር ቆሞ የሚያሽሟጥጠው ተመልካች፣ «ተራዬ ነው» ብሎ የሚጣላው ልጅ ግን በፖስታ አይላኩም።

በከተማችን መሬት በካሬ ሜትር ሲተመን፣ ዳማ የሚቆምበት የግንብ ጥግ ሲታጠር፣ በነጻ መቀመጥ እያነሰ ነው። የለንደኑም የቶሮንቶውም ታሪክ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ባለዕዳ አለው። ዕዳውን ድሮ ሳጥኑ ከፈለው፣ ቀጥሎ የባለሱቁ እንቅልፍ። እኛ ተቀማጮቹ በግልጽ ካልከፈልነው፣ አንድ ቀን ሄደን የምናገኘው የተዘጋ በር ነው። ያኔ ርካሹ ሳጥን ቤታችን ይኖራል፤ አብሮን የሚጫወተው ግን ከየት ይመጣል?