የትሕትና ጥያቄ በእንግሊዝኛ፤ ታሪኩና የትርጉም ፈተናው

መንገድ የጠፋው እንግዳ በእንግሊዝኛ «ዌር ኢዝ ዘ ስቴሽን?» ከማለት ይልቅ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ስቴሽን ኢዝ?» ቢል ጨዋ ይባላል። የሁለቱ መልስ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ዋናውን ጥያቄ በሌላ ጥያቄ ሸፍኖ ያቀርበዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ አነጋገር ከየት እንደ መጣና ተርጓሚውን በምን እንደሚያስቸግር ነው።

እንግሊዝኛ ጥንት ለአንድ ሰው «ዛው»፥ ለብዙዎች «ዪ» እና «ዩ» የሚባሉ ተውላጠ ስሞች ነበሩት። ከ13ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ፥ በፈረንሳይኛ ልማድ ተጽዕኖ፥ የብዙ ቁጥሩ ለአንድ የተከበረ ሰው ማገልገል ጀመረ፤ የእኛን «እርስዎ» የመሰለ ሥራ ያዘ ማለት ነው። በ17ኛው ምዕት ዓመት ግን «ዩ» ለታላቁም ለታናሹም ሆነ፤ «ዛው» ከጸሎት፥ ከአንዳንድ ቀበልኛና ከኩዌከሮች አነጋገር በቀር ከመደበኛው ቋንቋ ወጣ። ለትሕትናው አነጋገር ብቸኛው ምክንያት ይህ ነው ባንልም፥ ተውላጠ ስሙ አክብሮትን መለየት ሲያቆም ሸክሙ በዐረፍተ ነገሩ አገነባብ ላይ ይበልጥ ማረፉ ግልጽ ነው።

የአገነባቡ መሣሪያዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው የግሡ ጊዜ ነው፤ «ኩድ» የ«ካን» ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ሆኖ ሳለ እዚህ ያለፈን ነገር አያመለክትም፤ ልመናውን ያለዝባል። ሁለተኛው የቃላት ቅደም ተከተል ነው፤ ግሡ ከባለቤቱ ይቀድም የነበረው ወደ ኋላው ይመለሳል። በቀጥተኛ ጥያቄ ቀስ በቀስ የተደላደለው ረዳት ግሥ «ዱ»ም ወደዚህ አይገባም። ሦስተኛው አያያዡ ነው፤ መልሱ አዎን ወይም አይደለም ሲሆን «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይገባል። «ዌዘር» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ከሁለቱ የትኛው» ማለት ነበር።

አማርኛ ግሥን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ቅደም ተከተሉን አይለውጥም፤ «የት እንደሆነ»፥ «መምጣት አለመምጣቱን» እያለ ጥያቄውን ያስገባል። አክብሮቱንም ከግሡ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ «ሊነግሩኝ ይችላሉ?» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም፥ እየተለመደ ቢመጣም፥ ችሎታን የሚጠይቅ ይመስላል፤ «ጣቢያው የት እንደሆነ ቢነግሩኝ» የሚለው ይቀናል። ተናጋሪው እኩያውን ሲጠይቅ ደግሞ «እስቲ ንገረኝ» ይበቃል። እንግሊዝኛው ይህን አይለይምና፥ ተርጓሚው አስቀድሞ ማን ማንን እንደሚያነጋግር ማወቅ አለበት።

ጉዳቱ የሚከፋው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። አንድ አዛውንት በአስተርጓሚ በኩል «ይህን ወረቀት ይፈርሙልኝ» ሲሉ፥ አክብሮታቸው ያለው በ«ይፈርሙ» ውስጥ ነው። አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ «ሳይን ዚስ» ብሎ ካስተላለፈው ለማኙ አዛዥ ይሆናሉ፤ ባለጉዳዩም ሳይበድሉ ይጠላሉ። «ኩድ ዩ» እዚህ ላይ ጌጥ ሳይሆን የጠፋው «እርስዎ» ምትክ ነው።

ስያሜውን በሚመለከት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። «የት እንደሚኖር ጠየቅሁት» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የገባ ጥያቄ አለ፤ ትሕትና ግን የለም። እንግዲህ ለሰዋስዋዊው ቅርጽ «ጥገኛ ጥያቄ»፥ ለአገልግሎቱ «የትሕትና ጥያቄ» ብንል ሁለቱ አይምታቱም።