የጭስ ማውጫ መጥረጊያ ታሪክና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

በብርዳማ አገሮች ገጠር ከመኖሪያ ቤቱ ራቅ ተደርጎ የሚተከል ትልቅ የእንጨት ምድጃ አለ። ምድጃው በዙሪያው ያለውን ውሃ ያሞቃል፤ የሞቀውም ውሃ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ወደ ቤቱ እየተላለፈ ክፍሎቹን ያሞቃል። ከምድጃው አጠገብ ረጅም ዘንግ ያለው ብሩሽ፣ የብረት መፋቂያ፣ የአመድ መዛቂያና ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ይገኛሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ለተመልካች ተራ ነገሮች ናቸው። ይሁንና ባለዘንጉ ብሩሽ ከመፈልሰፉ በፊት፣ ከተፈለሰፈም በኋላ ለረጅም ዘመን፣ ሥራውን ያከናውን የነበረው የሕፃን ልጅ ገላ መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል።

የጭስ ማውጫ ለምን ይጠረጋል? እርጥብ እንጨት አየር አንሶት በዝግታ ሲነድ ጭሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ያልፋል፤ ቀዝቃዛውን ግድግዳ በነካም ጊዜ ቅጥራን መሰል ዝቃጭ ይለጥፍበታል። ዝቃጩ መተላለፊያውን ያጠባል፣ ሙቀት ወደ ውሃው እንዳይደርስ ይከላከላል፣ በመጨረሻም ራሱ ተቀጣጥሎ ቃጠሎ ያስነሣል። የድንጋይ ከሰልም ቢሆን ጥቀርሻ ማከማቸቱ አይቀርም።

በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል የማገዶ እንጨትን እየተካ በሄደ ጊዜ የጭስ መተላለፊያዎቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ሆነው ይሠሩ ጀመር። ብዙዎቹ 9 በ14 ኢንች፣ ማለትም 23 በ36 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበሩ። በዚህ ውስጥ ትልቅ ሰው ሊያልፍ ስለማይችል የድሃ ልጆች በክርናቸውና በጉልበታቸው እየተደገፉ ይወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1775 ሐኪሙ ፐርሲቫል ፖት በጠራጊዎች ላይ የሚታየውን የቆለጥ ከረጢት ካንሰር ከጥቀርሻ ጋር አያይዞ ገለጠ።

መፍትሔው ከዚያ በኋላ ብዙ አልዘገየም። በ1803 ጆርጅ ስማርት ውስጣቸው ክፍት የሆኑ ዘንጎችን በገመድ አያይዞ በጫፋቸው ብሩሽ ያለበትን መሣሪያ ሠራ። በ1828 ደግሞ ጆሴፍ ግላስ ተጣጣፊ ዘንጎችን እርስ በርስ በማያያዝ አሻሻለው። ዛሬ በየምድጃው አጠገብ የምናየው ባለዘንግ ብሩሽ የዚሁ ዝርያ ነው።

ሆኖም ልጆቹ ከጭስ ማውጫው አልወጡም። የጠራጊ አለቆችና ባለቤቶች መሣሪያው በማዕዘን አይታጠፍም፣ የቤት ዕቃም ያቆሽሻል እያሉ ተከራከሩ። ልጆቹን ለማዳን የቀረበውን ረቂቅ ሕግ የላይኛው ምክር ቤት በ1819 ውድቅ አደረገው። የ1840ው ሕግ ግን ወደ ችግሩ ሥር ገባ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዳይወጣ ከመከልከሉም በላይ የአዲስ መተላለፊያ ማዕዘን ከ120 ዲግሪ እንዳያንስ ወሰነ፤ እስከ 90 ዲግሪ የሚጠብ ከሆነም 6 ኢንች በ6 ኢንች የሆነ የመጥረጊያ በር እንዲኖረው አዘዘ። ሕጉ መልካም ቢሆንም ተቆጣጣሪ አልነበረውም። በ1875 ጆርጅ ብሩስተር የተባለ ልጅ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ግድግዳው ፈርሶ ከወጣ በኋላ ሞተ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ጠራጊዎች ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጡ፣ ፖሊስም እንዲቆጣጠር በማድረጉ ልማዱ አከተመ።

ከስማርት ብሩሽ እስከ ብሩስተር ሞት 72 ዓመት አለፈ። ለዚህ መዘግየት ልማድና የርካሽ ጉልበት ጥቅም ተጠያቂዎች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን «መሣሪያው አይታጠፍም» የሚለው ክርክር ከፊል እውነት ነበረው፤ እውነት ያደረገውም የግንበኛውና የነዳፊው እጅ ነው። እንግዲህ እኛም ምድጃ፣ ጋን ወይም ቧንቧ በምንነድፍበት ጊዜ ማን፣ በየት በኩል፣ በምን መሣሪያ ያጸዳዋል ብለን አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል። በንድፉ ላይ ያልተሣለውን በር አንድ ቀን የሰው ገላ እንዲተካው ይገደዳልና።