«እኔ የት ነው የምጻፈው?»፦ የመቱና የአካባቢዋ ሠራተኛ ቤተሰቦች ገቢና ወጪ ከትናንት እስከ ዛሬ



ማኅበራችን ብድር ሲሰጥ የሚያስሞላው ቅጽ አለ። በቅጹ ላይ «የቤተሰብ የወር ገቢ» የሚል አንድ መስመር ይገኛል። ባለቤቷ ደመወዝተኛ የሆነች አባል በዚያ መስመር ላይ የእሱን ደመወዝ ትጽፋለች፤ ደመወዝተኛ በሌለበት ቤት መስመሩ ባዶ ይቀራል። ባለፈው ስብሰባ አንዲት አንጋፋ እናታችን ቅጹ ሲነበብላቸው አዳምጠው፣ «በቡና ወራት ለቀማ እውላለሁ፤ በክረምት ከጓሮዬ ጎደሬ ነቅዬ እሸጣለሁ፤ በገበያ ቀን ጉሊት እቀመጣለሁ። ታዲያ እኔ የት ነው የምጻፈው?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በእሳቸው ጥያቄ ምክንያት ነው። ወደ ኋላ ሄደን ስናየው፣ ጥያቄው የአካባቢያችን ታሪክ ሁሉ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው።

የጎሬና የጋምቤላ መንገድ

ኢሉባቦር ከውጭ ንግድ ጋር በስፋት የተገናኘችው በባሮ ወንዝ በኩል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነበር። ስለዚህ በበጋ የተለቀመው ቡና፣ ከሰሙ ጋር፣ በበቅሎና በሰው ጫንቃ በቡሬ በኩል ቁልቁል እየወረደ መርከቡን ይጠብቃል፤ ጨርቅና ጨው ደግሞ ሽቅብ ይመጣል። የአገረ ገዥው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ በዚህ ንግድ የነጋዴና የቆንስል ከተማ ሆነች።

የነጋዴው መዝገብ ስንት ፈረሱላ ቡና እንደወረደና ለተሸካሚው ስንት እንደተከፈለው ይይዛል። ለተሸካሚው እንጀራ የጋገረችው፣ ጠላ የጠመቀችው፣ ማደሪያ የሰጠችው ሴት ግን በዚያ መዝገብ ቦታ የላትም። ገንዘቡ ግን በእሷም እጅ ያልፍ ነበር። የዛሬው ቅጻችን የወረሰው ይህንኑ ልማድ ነው፦ አንድ ሰው ይመዘገባል፣ ቤቱን ግን ሁለት ሰው ያቆመዋል።

ለቀማና ቅጠል ቀጠፋ

ቡናችን በውጭ ገበያ በጥራት ደረጃ መሸጥ ሲጀምር፣ የቡና መቀሸሪያዎች በየከተማው ተስፋፉ። ጀንፈሉን ማሽን ይፈለፍለዋል። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውንና ጠጠሩን ለመለየት ግን ዓይንና ጣት ያስፈልጋል። ይህ የሴቶች ሥራ ሆነ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ የሚመዝነውና ጆንያ የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ መሬት ተቀምጣ ከጠዋት እስከ ማታ የምትለቅመው ሴት ናት። ክፍያዋም በለቀመችው ልክ ነው። ቡና ሲበዛ ሥራ ይበዛል፤ ቡና ሲያልቅ «በቃ» ተብላ ትሰናበታለች።

በጎሬ አጠገብ ባለው የጉማሮ የሻይ እርሻም ሥራው የእጅ ነው። ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ እየተመረጠ ይቀጠፋል፤ የተቀጠፈውም ሳይውል ሳያድር ፋብሪካ መግባት አለበት። ሻይ ዝናብ ሲያገኝ ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ በበጋ ይዘገያል። በኪሎ ለሚታሰብላት ቀጣፊ ይህ ማለት ድካሟ ሳይቀንስ ገቢዋ ይቀንሳል ማለት ነው። እንግዲህ በእኛ አገር «የወር ገቢሽ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ «በየትኛው ወር?» የሚል ነው።

ደመወዝ ሲጨመርና ወጪ ሲቀነስ

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌደሬሽን ተመሠረተ፤ በቀጣዩ ዓመት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ኮንፌደሬሽኑ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ይወሰን የሚል ነበር። ጥያቄው የመላ አገሪቱ ሠራተኛ ቢሆንም፣ በወቅትና በኪሎ የምትሠራ ሴት በእነዚህ ማኅበራት ውስጥ ድምፅዋ ትንሽ ነበር።

በድሃው ቤት ቶሎ የተሰማው ለውጥ የመጣው በደመወዝ ሳይሆን በወጪ በኩል ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ዝቅተኛውን የቤት ኪራይ በግማሽ ቀነሰ። በወር 20 ብር ይከፍል የነበረ ቤተሰብ 10 ብር መክፈል ጀመረ። ለዚያ ቤት ይህ 10 ብር ደመወዝ እንደመጨመር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የቀበሌ ቤት ማግኘትም ቀላል አይደለም። ትምህርቱ ግን ዛሬም ይሠራል፦ ገቢን ብቻ የጠየቀ ሰው የቤተሰቡን ኑሮ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

ሌሎች እንዴት ቆጠሩት?

ሕንድ በዚህ በኩል ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። እ.ኤ.አ. በ1958 እና 1959 የሕንድ መንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በ50 ቦታዎች የሠራተኛ ቤተሰቦችን ኑሮ አጠና። ከፋብሪካና ከማዕድን ማውጫ ከተሞች ሌላ፣ ባልም ሚስትም የሚሠሩባቸው ሰፋፊ እርሻዎች ተካተውበታል። ጠያቂዎቹ የአባወራውን ደመወዝ ብቻ ጽፈው አልሄዱም፤ ቤተሰቡ ለእህል፣ ለማገዶ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለልብስ ስንት እንደሚያወጣ መዘገቡ። ከዚያ በመነሣት የሠራተኞች የዋጋ መለኪያ ተዘጋጀ፤ ዋጋ ሲወጣ የኑሮ ውድነት አበል የሚሰላውም በዚህ ዓይነት መለኪያ ነው። ሠራተኛው «ኑሮ ተወደደብኝ» ሲል የሚያቀርበው ቁጥር አገኘ ማለት ነው።

ከዚያ መቶ ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1857፣ ኤርንስት ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው የሠራተኛ ቤተሰቦችን የወጪ መዝገብ መርምሮ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ቤተሰቡ ድሃ በሆነ ቁጥር ከወጪው ውስጥ ምግብ የሚወስደው ድርሻ ይጨምራል። አስቤዛ የምትገዛ እናት ይህን ያለ መጽሐፍ ታውቀዋለች። ከእህል፣ ከዘይትና ከወፍጮ ቤት የተረፈው ገንዘብ ነው ደብተር፣ ጫማና መድኃኒት የሚገዛው።

የቡና ዋጋ ሲወድቅ፣ ገንዘብ ሲረክስ

በ1981 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲቋረጥ የቡና ዋጋ ወረደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያም ዋጋው እንደገና ክፉኛ ወደቀ። በመካከላችን ያሉ አንጋፋዎች ያንን ጊዜ የሚያስታውሱት በገበያ ዋጋ ሳይሆን በድስት ነው። መጀመሪያ ቅቤ ቀረ፤ ቀጥሎ ከጤፉ ላይ በቆሎ ተደባለቀ፤ በመጨረሻም የዕቁብ ዕጣ ተቋረጠ። የዕድር መዋጮ ግን አልተቋረጠም፤ ቀባሪ የሚያሳጣ ነገር የመጨረሻው ነውና።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቡና በብር ሲወደድ ባለ ቡናው ሊጠቀም ይችላል። የለቃሚዋ የእጅ ዋጋ ግን አብሮ የሚወጣበት ደንብ የለውም፤ ዘይቱና ሳሙናው ግን ወዲያው ይወጣባታል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል፤ ለወላድም 120 ቀን የክፍያ ፈቃድ ይሰጣል። በቀንና በኪሎ የምትሠራ እህታችን ግን በተግባር አንድ ቀን ከቀረች የዚያ ቀን ገንዘቧ ይቀራል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው?

የአንድ ቤት ዓመት እንዲህ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ለቀማ ስላለ እጅ ላይ ገንዘብ ይኖራል፤ ያኔ ዕዳ ይከፈላል፣ ዕቁብ ይገባል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሥራ ይጠፋል፣ እህል ይወደዳል፣ ማገዶው እርጥብ ይሆናል። ያኔ ቤቱን የሚያቆመው የጓሮ ጎደሬና ጎመን ነው። መስከረም ሲጠባ ዓመት በዓሉና የትምህርት ቤቱ ወጪ ተደርበው ይመጣሉ። ብድር የሚጠየቀው በዚህ ጊዜ ነው። ቅጹ በታኅሣሥ ከተሞላ አባላችን ያላት ትመስላለች፤ በነሐሴ ከተሞላ መክፈል የማትችል ትመስላለች። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ስለዚህ ቅጹን ለመለወጥ ተስማምተናል። አዲሱ ቅጽ ሦስት ዓምድ አለው፦ እሱ ያመጣው፣ እሷ ያመጣችው፣ ሳይገዛ ከጓሮ የተበላው። ከጎኑ ወጪው ይጻፋል፤ ሁሉም ለ12ቱም ወር። መጻፍ ለሚያስቸግራት አባል ልጇ ወይም የቡድኗ ጸሐፊ ይሞላላታል። የብድር መክፈያውንም ከቡና ወራት ጋር ለማስማማት ተነጋግረናል። ደጋፊዎቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ውጤታችንን ስትመዝኑ ደመወዝ ጨመረ ወይ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ በነሐሴ ቤቱ ምን በላ፣ በመስከረም ልጁ ትምህርት ቤት ገባ ወይ ብላችሁም ጠይቁ።

የመጀመሪያውን ቅጽ የሞላነው ጥያቄውን ላነሡት እናታችን ነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ስንደርስ ጎደሬውን፣ ጎመኑንና ከጓሮ የሚለቅሟትን ቡና ቆጠሩልን። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ይሄም ይጻፋል እንዴ?» አሉ።

ይጻፋል፣ እማማ።