እማዬን ያስቀየመ ወረፋ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ታሪክ ነው፣ ግን የንጉሥና የጦር ሜዳ ታሪክ አይደለም። የኢንተርኔት መዘግየትና መቆራረጥ ታሪክ ነው። በተለይ አሜሪካ ያላችሁ፣ ከግድግዳ ወጥቶ ሞደማችሁ ውስጥ የሚገባው የዚያ ክብ ጥቁር ኬብል ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው እናታችን ቤት ነው። ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ይኖራል። እሁድ እሁድ እኛ ጋ ሲመሽ፣ እሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ለእማዬ በቪዲዮ ይደውላል። ባለፈው ዓመት ጥሪው ተበላሸ። እማዬ «በላህ ወይ?» ትላለች፤ እሱ ዝም። ደግማ ስትጠይቅ የመጀመሪያው መልስ ይመጣል፤ ሁለቱም አብረው ያወራሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከዚያ ድርግም! ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን እማዬ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ልጄን ሰለቸሁት መሰለኝ። ስጠይቀው ዝም ይለኛል፣ ከዚያ ይዘጋብኛል።» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ወንድሜን ስጠይቀው መልሱ አጭር ነው፦ «የእናንተ ኔትወርክ ነዋ!» እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አመንኩት። እኛ አገር ሲቆራረጥ ማንን እንደምንወቅስ ለምደነዋል። የአይሲቲ መምህር ሆኜ እንኳ ሳልለካ ፈረድኩ። በኋላ ግን «የሥራ ስብሰባም ላይ ድምፄ ይቆራረጣል» ሲለኝ ነቃሁ። የሥራ ስብሰባው እኮ ኢትዮጵያን አይነካም!

የኬብል ኢንተርኔት የሚሸጥለት ድርጅት (ስሙን ልተወው) ጋ ሲደውል ደግሞ «ፍጥነትህን እናሳድግልህ» ብለው በወር 30 ዶላር ጨመሩበት። ፍጥነት መለኪያው ላይ ቁጥሩ አደገ። የእማዬ ጥሪ ግን እንደነበረ ቀረ።

ስለዚህ «በቃ እንለካ» አልኩት። መለኪያችን ፒንግ ነበረች። ይቺን ትንሽ ፕሮግራም በ1983 መጨረሻ ላይ የጻፋት ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። የሚገርመው፣ ይሠራ የነበረው እዚያው ሜሪላንድ፣ አበርዲን ባለ የጦር ሠራዊት ምርምር ተቋም ነበር። ስሟን ያገኘችው የባሕር ሰርጓጅ መርከብ መፈለጊያ መሣሪያ ከሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ድምፅ ትልካላችሁ፣ ነጥሮ እስኪመለስ ትቆጥራላችሁ። ይኸው ነው። 40 ዓመት አልፏት ዛሬም በየኮምፒውተሩ አለች።

ወንድሜ ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘ። ይህን ያደረግነው የዋይፋይን ጥፋት ከኬብሉ ጥፋት ለመለየት ነው። ወደ ራውተሩ፦ 1 ሚሊ ሰከንድ። ከሞደሙ ባሻገር ወዳለው የመጀመሪያው የድርጅቱ መሣሪያ፦ 14 ሚሊ ሰከንድ። ሰላም ነው! «እሺ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ምንድን ነው የምታደርጉት?» አልኩት። ለካ እሱም ባለቤቱም ቤት ሲገቡ ስልኮቻቸው በራሳቸው የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ደመና መጫን ይጀምራሉ። «እስኪ አሁን ጫንና ፒንጉን እይ።» 14 የነበረው 900 ሆነ። አንድ ሰከንድ ሊሞላ ነው፤ ያውም ከሰፈራቸው ሳይወጣ፣ አትላንቲክን ሳይሻገር! የእኛ ኔትወርክ በነፃ ተለቀቀ።

ሌላም ነገር ነበር። አንዳንዴ ምንም ሳይጭኑ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ በሽታው አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፦ መጥፋትና መዘግየት። እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው።

መጀመሪያ መጥፋቱን ልንገራችሁ።

የኬብል መስመር ለኢንተርኔት አልተሠራም፤ ለቴሌቪዥን ነው። ማን ጀመረው የሚለው ቢያከራክርም፣ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ጆን ዋልሰን ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ማሃኖይ ሲቲ በምትባል የተራራ ከተማ የቤት ዕቃ ይሸጥ ነበር። ቴሌቪዥን ቢያመጣም የሚገዛው አላገኘም፤ ተራራው የፊላደልፊያን ሥርጭት ይጋርዳል። በ1948 ተራራው ላይ አንቴና ተከለና በሽቦ ወደ ከተማው አወረደው። ቴሌቪዥኑም ተሸጠ፣ አዲስ ንግድም ተወለደ።

ልብ በሉ፣ ይህ መስመር አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች። ተመልካች ያያል እንጂ አይመልስም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ቴህራን ተወልዶ አሜሪካ የተማረው ሩዝቤ ያሲኒ፣ ላንሲቲ በሚባለው ድርጅቱ የኬብል ሞደምን አምጥቶ ያንን መስመር ማናገር ቻለ። በ1997 ደግሞ ዶክሲስ የሚባለው የጋራ ደንብ ወጣ፤ የማንኛውም አምራች ሞደም በማንኛውም ድርጅት መስመር እንዲሠራ።

ግን አሮጌው መስመር ጠባዩን አልለቀቀም። ከቤት ወደ ላይ ለሚሄደው መልእክት የተተወለት ጠባብ ቦታ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመት ከ5 እስከ 42 ሜጋ ኸርዝ። እዚያው ደግሞ የሬዲዮና የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁካታ ይበዛል። የሰፈሩ ቤቶች ሁሉ በአንድ መስመር ስለሚጋሩ፣ የአንዱ ቤት የላላ ጫፍ ያስገባው ጫጫታ የሌሎቹንም መልእክት ያውካል። እኛ ቴሌቪዥንን በአንቴናና በዲሽ፣ ኢንተርኔትን በስልክ ሽቦ፣ በሞባይልና በፋይበር ስላገኘን ይህን ዓይነት በሽታ አናውቀውም። የእነሱ ነው።

ወንድሜ የሞደሙን ገጽ ከፈተ፤ ብዙዎቹ የኬብል ሞደሞች 192.168.100.1 ብላችሁ ስትገቡ ይከፍታሉ። መዝገቡ ላይ «ቲ3» የሚል ማስጠንቀቂያ ተደርድሯል። ትርጉሙ «ወደ ላይ ተጣራሁ፣ የሚመልስልኝ አጣሁ» ነው። ወደ ላይ የሚልክበት ኃይል 52 ዲቢኤምቪ ደርሷል፤ ከ50 በታች ቢሆን ይመረጣል። ማለትም ሞደሙ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እየጮኸ ነው። ለምን? ሶፋው ሥር የቀድሞ ተከራይ የተወው፣ ኬብሉን ለሦስት የሚከፍል ስፕሊተር ተገኘ። ሁለቱ አፎች ባዶ፣ ሦስተኛው የላላ። ለሁለት የሚከፍለው እንኳ ለእያንዳንዱ አፍ ከግማሽ የበለጠ ጉልበት አያደርስም። አንስቶ ጣለው፣ ኬብሉን በቀጥታ ሞደሙ ላይ አሰረው፣ ጫፉን አጠበቀው። ኃይሉ ወደ 45 ወረደ፣ «ቲ3» ጠፋ። ወጪው ዜሮ ብር!

መጥፋቱ ተፈታ። መዘግየቱ ግን አለ። እዚህ ላይ ነው ዋናው ታሪክ የሚመጣው።

በጥቅምት 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ግንኙነት ታነቀ። በሁለቱ መካከል 400 ያርድ ብቻ ነው፤ በእግር አምስት ደቂቃ። ፍጥነቱ ከ32 ሺህ ቢት በሰከንድ ወደ 40 ቢት ወረደ። ሺህ አልተሳሳትኩም፣ 40! ኮምፒውተሮቹ መንገዱ መሙላቱን ሳያውቁ ያልደረሰውን ደግመው ደጋግመው ይልኩ ስለነበር ነው። ቫን ጃኮብሰን ከማይክ ካሬልስ ጋር ሆኖ መፍትሔ ሠራ፤ በ1988 ጽሑፉ ታተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፓኬት ሲጠፋ «መንገዱ ሞልቷል» የሚል ምልክት ነውና ላኪው ቀስ ይበል። ኢንተርኔት እስካሁን የቆመው በዚህ ጨዋነት ነው።

ይህን ለእማዬ በወፍጮ ቤት አስረዳኋት። ወፍጮው በሰዓት የሚፈጨው የታወቀ ነው። ወረፋው ሲሞላ ባለ ወፍጮው «ዛሬ አይደርሳችሁም፣ ነገ ኑ» ካለ፣ ሰው ይሰማል፣ ይቀንሳል። ግን ባለ ወፍጮው ትልቅ መጋዘን ሠርቶ «አምጡ፣ ማንንም አልመልስም» ቢልስ? ማንም አልተመለሰም፤ ሁሉም ግን እስከ ማታ ይጠብቃል። አንዲት ቁና ብቻ ይዛ የመጣችው ሴትዮ ከሃያ ኩንታል ኋላ ትሰለፋለች።

በ2000ዎቹ የሆነው ይኸው ነው። የማስታወሻ ቺፕ ረከሰ። አምራቾች «ፓኬት መጣል ነውር ነው» ብለው ሞደሙና ራውተሩ ውስጥ ትልልቅ ማቆያ አስገቡ። ሒሳቡን ሥሩት፦ 256 ኪሎ ባይት የሚይዝ ማቆያ ወደ ላይ በ1 ሜጋ ቢት የሚሄድ መስመር ላይ ሲሞላ፣ ለማራገፍ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። ፓኬት ስላልጠፋ ላኪው ምልክቱ አይደርሰውም፤ እየጨመረ ይልካል። የእኛ ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል አይደል? ማቆያው በሽታውን ደበቀ።

የደረሰበት ጂም ጌቲስ ነው፤ ኤክስ ዊንዶው የተባለውን የስክሪን ሥርዓት ካስጀመሩት አንዱ፣ የቤል ላብስ ባለሙያ። እሱም እንደ እኔ ወንድም እቤቱ ነው የተቸገረው። በ2010 ከቤቱ ወደ ኤምአይቲ ብዙ ፋይል ሲገለብጥ የቤተሰቡ ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል፤ ልጆቹም ያማርራሉ። ሲለካ መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ፍጥነት ይገዛ ነበር። እሱ መመዝገብ ጀመረ፣ ለቫን ጃኮብሰንና ለሌሎች አዋቂዎች አሳየ። ችግሩ የእሱ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ከኬብል እስከ ሞባይል ድረስ ነበር። ስም አወጣለት፦ በፈርብሎት፣ የማቆያ እብጠት እንበለው።

በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮደል የሚባል ዘዴ አሳተሙ። ወረፋው ስንት ፓኬት ይዟል ብሎ አይቆጥርም፤ ፓኬቱ ውስጡ ምን ያህል ቆየ ብሎ ይጠይቃል። ቆይታው ከ5 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሆኖ ከዘለቀ፣ ጥቂት ይጥላል፤ ላኪውም ይሰማል። ኤሪክ ዱማዜ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የተለየ ሰልፍ ጨመረበት፤ ባለ ቁናዋ ከባለ ሃያ ኩንታሉ ኋላ እንዳትቀር። በዚያው ዓመት ሊኑክስ ውስጥ ገባ። ይህን ሥራ ከጌቲስ ጋር ሆኖ ለዓመታት የገፋው ዴቭ ታት በ2025 አርፏል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ብዙ ሰው የጠቀመ ሰው ነው። በ2013 የወጣው ዶክሲስ 3.1 ደንብም ሞደሞች የወረፋ መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው አስገደደ።

የወንድሜ ሞደም ከዚያ ደንብ በፊት የተሠራ አሮጌ ነበር። አንድ በአንድ ሄድን፤ ሁሉንም በአንዴ ከነካካችሁ የቱ እንደፈወሰ አታውቁም። አንደኛ፣ የፎቶ መጫኑ ለሌሊት ተቀጠረ። ሁለተኛ፣ ራውተሩ ላይ ያለውን የወረፋ መቆጣጠሪያ ከፍቶ ወደ ላይ የሚላከውን ከመስመሩ አቅም 90 በመቶ ላይ ገደበው፤ ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ሳይሆን ብልሁ ራውተር ውስጥ እንዲሆን። ፎቶ እየጫነ ፒንጉ 900 የነበረው 30 አካባቢ ሆነ። የጨመሩበትን 30 ዶላርም አስቀነሰ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ምንም ሳትጭኑ በየጥቂት ሰከንዱ ፒንጉ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ ሞደሙ ራሱ ሊሆን ይችላል። በ2016 ኢንቴል ፑማ 6 የሚባለው ቺፕ ያለባቸው ሞደሞች እንዲህ ሆነው ተገኝተዋል። የደረሱበትም በየቤታቸው እየለኩ የጻፉ ተጠቃሚዎች ናቸው።

የሚቀጥለው እሁድ እኔም እማዬ ቤት ነበርኩ። ስልኩ ጠራ። «በላህ ወይ ልጄ?» «በላሁ እማዬ! አንቺስ?» ወዲያው! እማዬ ወደ እኔ ዞራ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ዛሬ ገና አፉ ተፈታ!»

እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ መምህር ነኝ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አስተምረዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ እናት ልጇን፣ ልጅ አገሩን፣ እኔም ከእሱ ጋር ሆኜ ያላጠፋውን ወቀስን። ጥፋተኛው ሶፋ ሥር ያለ ስፕሊተርና «ማንንም አልመልስም» የሚል ሞደም ነበር። ከመፍረዳችን በፊት ብንለካ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ እናታችሁ ጋ ስትደውሉ ድምፅ ከዘገየ ዛሬውኑ ፎቶ እየጫናችሁ ፒንጉን እዩት። ቁጥሩን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ቸር እንሰንብት!